«በልቻለሁ» የምትለው ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ34 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው ልጅ 7፣ ትንሹ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኔ መንገድ ዳር ጀበና ቡና እያፈላሁ እደጉም ነበር፤ መንገድ እየተዘጋ ሰው ሲጠፋ ተውኩት። አሁን ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለግማሽ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ እኔ ምሳ ትቻለሁ። ሲጠይቁኝ «በልቻለሁ» ወይም «ጾም ይዣለሁ» እላለሁ። በኅዳር የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ደረሰና ሰው ፊት እንዳላፍር ዘይትና ዱቄቱን ከሱቅ በዱቤ ወሰድኩ፣ ከጎረቤት ደግሞ 3500 ብር ተበደርኩ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ባለፈው ወር ባለሱቁ እሱን ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ «የምሰጥሽን ብር የት ነው የምታደርሽው?» ይለኛል። አንድ ቀን ትሪውን ገፍቶ ወጣ። ለምሳም ቤት መምጣት ትቷል፤ ውጭ እየበላ ነው መሰለኝ፣ እሱም ያበግነኛል። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ትልቋ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንጀራ አቀረብኩላት፤ ወደ ወንድሞቿ ገፋ አድርጋ «እኔ በልቻለሁ» አለችኝ። የት እንደበላች ብጠይቃት ዝም አለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዱቤውም፣ ስለ ትሪውም፣ ስለ ባለቤትሽ ኩርፊያም እመጣበታለሁ። እኔን ግን እንዳንቺው ሆዴን ያባባው የልጅሽ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት በእግሯ መጥታ፣ እየራባት፣ የቀረበላትን እንጀራ ወደ ወንድሞቿ ገፋች። ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፤ ያስተማርሻትም በፍቅር ነው። «በልቻለሁ» ስትዪ ስታይሽ ኖራለች፤ እንዳልበላሽም ታውቃለች።

እኔም ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው። እናቴ እንጀራውን አቅርባልን ከማዕዱ ዘወር ስትል «እናንተ ብሉ፣ እኔ ምጣዱ ሥር እንጎቻ በልቻለሁ» ትለን ነበር። ምጣድ ባልተጣደበት ቀንም እንዲሁ ትላለች። አንድ ቀን ሄጄ ምጣዱን በእጄ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ያወቅሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከአደግሁም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በጎረስኩ ቁጥር የእሷን ድርሻ የበላሁ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ልትሸከምልኝ የፈለገችው ነገር ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። ልጅሽ ዛሬ ያለችው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ወደ እሷ ከመሄዳችን በፊት ግን በአንቺና በባለቤትሽ መካከል ያለውን እናንሣ፤ የልጅቷ ነገር የሚፈታው ከዚያ ጀምሮ ነውና።

«ብሩን የት ነው የምታደርሽው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከጓዳሽ ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የምትገዢው ዘይት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ጤፉ እዚሁ ደጃችን፣ በእነማይና በደጀን ቢበቅልም ማዳበሪያውና የሚያመላልሰው መኪና ነዳጅ የሚገዙት በዶላር ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለው ግጭት መንገዱን ሲዘጋ የአንቺንም ጀበና አብሮ አወረደው። ደመወዝ ቢጨመርም ገበያውን አልደረሰበትም። እናንተ ቤት ውስጥ ሌባ ስትፈላለጉ ሰንብታችኋል፤ ሌባው ግን ቤት ውስጥ የለም።

ረሃብ ደግሞ ጠባይ ይለውጣል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ6 ወር ያህል ከለመዱት ምግብ ግማሽ ገደማውን ብቻ እየበሉ ተጠንተው ነበር። ጨዋታ ወዳድና ታጋሽ የነበሩት ልጆች በትንሽ በትልቁ የሚቆጡ፣ ከሰው የሚሸሹ፣ ቀንም ሌትም ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። ከጎናቸው ሚስት አልነበረችም፣ የሚያለቅስ ልጅም አልነበረም፣ ዱቤም አልነበረባቸውም። አንቺ ስንት ወር ሆነሽ ምሳ ከተውሽ? ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነገር የሚያበግንሽ፣ ሌሊት ስትገላበጪ የምታድሪው ክፉ ሰው ስለሆንሽ አይደለም። ሰውነትሽ ስለ ራበው ነው።

ባለቤትሽስ? ውጭ ይበላል ብለሽ ገምተሻል። ጠይቀሽዋል? እኔ እሱን አላውቀውም፣ ስለዚህ አልምልልሽም። ግን በዚህ ሁለት ዓመት ለምክር ከፊቴ ከተቀመጡ አባወራዎች ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት የማይገቡት ልጆቻቸው ድርሻቸውን እንዲበሉ ነበር። ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያገላበጡ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰዓቱን ያሳልፋሉ። ለሚስቶቻቸው አይናገሩም፤ ቤቱን ማብላት ያልቻለ ወንድ መባል ለጎጃም ሰው ከረሃቡ ይብሳልና። ትሪውን የገፋው በቁጣ ይሁን በሐፍረት ከእሱ አፍ ካልሰማሽው አታውቂውም። አንቺ ከእሱ ትደብቂያለሽ፣ እሱም ምናልባት ከአንቺ ይደብቃል፣ ልጅቷ ደግሞ ከሁለታችሁ ተምራለች።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ግሌን ኤልደር የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ውድቀት ወቅት ያደጉ የካሊፎርኒያ ልጆችን ሕይወት ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት መረጃን መርምሯል። የገቢው መቀነስ ልጆቹን በእጅጉ የጎዳው አባት ቁጡ ሲሆንና ቤቱ ሲናጋ ነበር። እንዲያውም በቤት ውስጥ የሚረባ ኃላፊነት የተሰጣቸው አንዳንድ ልጆች ጠንክረው ወጥተዋል። የጎደለውን እንጀራ ዛሬ መሙላት ላትችዪ ትችያለሽ። ጸቡን ማብረድ ግን ትችያለሽ፤ ከዚህ ሳምንት መጀመር ይቻላል።

እንዴት አድርገሽ? ማታ ሲደክመው አትጀምሪ፣ በደመወዝ ቀን አትጀምሪ፣ ሁለታችሁም እህል ሳትቀምሱ ደግሞ በፍጹም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ፣ ቡና ካለ ቡናውን አፍልተሽ፣ ከሌለም አንዲት ስኒ ሻይ ይዘሽ ከጎኑ ተቀመጪ። የዱቤውን ደብተር ይዘሽ ሂጂ። ቃሉ አጭር ይሁን፦ «ምሳ አልበላም ነበር። ጾም ነው ያልኩህ ሁሉ ጾም አልነበረም። ለማኅበሩ የተበደርኩትን የደበቅሁህ ፈርቼ ነው፤ ይኸው ሁሉም እዚህ አለ።» ከዚያ ዝም በዪ። የሚከብደው ዝምታው ነው፤ አትሙዪው። ሊቆጣ ይችላል፣ ሊነሣም ይችላል፤ ሲመለስ ደብተሩ እዚያው ይጠብቀው። ሲረጋጋ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «አንተስ ምሳ የት ነው የምትውለው?» ድምፅሽ የከሳሽ ድምፅ እንዳይሆን።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው። ገበናን ከጎረቤት መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ ከባል መሸፈን ግን ሌላ ነው።

ዱቤውን በሚመለከት ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ባለሱቁ ሂዱ። አንቺ ብቻሽን አትሂጂ፣ እሱም ብቻውን አይሂድ። በየደመወዙ የምትከፍሉትን ትንሽ ብር፣ 300ም ትሁን 400፣ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩትና ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ዱቤ ይቁም። ባለሱቅን የሚያስቆጣው ከክፍያው ማነስ ይልቅ የተበዳሪው መጥፋት ነው። ለጎረቤትሽም እንዲሁ። የማኅበሩን ነገር ለመሪው፣ ለሙሴው ንገሪ። በሚቀጥለው ተራሽ ዳቦና ቆሎ ብቻ ለማቅረብ፣ ካልሆነም ተራሽን ለማሳለፍ እንደምትፈልጊ በግልጽ ተናገሪ። ቅዱስ ሚካኤልን የሚዘክር ማኅበር እናትን ዕዳ ውስጥ ከከተተ ከዓላማው ወጥቷል፤ ይህን ስል አልፈራም። ይህን ቃል ደፍሮ የሚጀምር ሰው የሚጠብቁ ሌሎች እናቶች በዚያው ማኅበር ውስጥ አሉ ብዬ አምናለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ የሚፈጀው ግን ብቻውን የቆመውን ነው።

ጾምንም ለረሃብ መሸፈኛ አታድርጊው። ጾም በፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው፤ አንቺ የያዝሽው ግን ማጣት ነው። ትንሹ ልጅ ገና የሚጠባ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ስለምትጾሚው ጾምም እሳቸውን ጠይቂ።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። ጤፉን ከበቆሎ ወይም ከዳጉሳ ጋር ቀላቅለሽ ጋግሪ፤ የሜጫና የቡሬ ገበሬ ዘመኑን ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከእህሉ ጋር ሁልጊዜ ጥራጥሬ ይኑር፦ የባቄላ ወይም የአተር ሽሮ፣ ንፍሮ። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ሥጋ ለማይገባበት ቤት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ድንችና ጎመን በረከሰ ቀን ከሚገዙት ውስጥ ይሁኑ፤ ከስናን በኩል የሚወርደው ድንች በመኸር ሰሞን ዋጋው ዝቅ ይላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ጓያ ስለረከሰ ለወራት ዋና ምግባችሁ እንዳይሆን። ብቻውን በብዛት ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ አገራችን ያውቀዋል። ካለሽም በውኃ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ድፊ፣ ከሌላ እህልም ጋር ቀላቅዪው። በምግብ ሰዓት ቡናና ሻይ አታቅርቢ፤ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉ፤ ዘግየት ብሎ ይጠጣ።

ትንሹን ልጅ ለብቻው ልየው። ከትልልቆቹ ሽሮ የሚተርፍለትን እየጠበቀ አይኑር። የእህልና የባቄላ ዱቄት ቀላቅለሽ ወፈር ያለ ገንፎ ሥሪለት፣ ካለሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሪበት፣ የሚጠባም ከሆነ ጡት አታስጥዪው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ወደ ቀበሌሽ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ወስደሽ ክንዱን አስለኪው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው፤ ከ11.5 ካነሰ ደግሞ ከባድ ነውና ዛሬውኑ ሕክምና ይፈልጋል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ሕክምና አለ።

ባለቤትሽ ትሪ ገፍቷል፤ እጁን በአንቺ ላይ ወይም በልጆቹ ላይ ካነሣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ድህነትም ምክንያት አይሆነውም። ያኔ ለቤተሰብሽ፣ ለሽማግሌ፣ ካስፈለገም ለሕግ ንገሪ። አንቺም ሆንሽ እሱ እንቅልፍ ከዓይናችሁ ከጠፋ፣ ምንም ነገር የማያስደስታችሁ ከሆነ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሂዱና እንደዚሁ በግልጽ ተናገሩ። አትዘግዩ።

አሁን ልጅሽ።

ከባለቤትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ሁለታችሁም አስቀምጧት። «ለምን ዋሸሽ?» አትበያት። እንዲህ በያት፦ «አይተሽኛል፤ ምሳ እንደማልበላ አውቀሻል። ተሳስቼ ነበር። ቤታችን ተቸግሯል፣ እውነት ነው። የእንጀራው ነገር የእኔና የአባትሽ ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ በልተሽ መማር ነው።» አባቷም አንድ ቃል ይጨምር፤ ከአባቷ አፍ መስማቷ ከአንቺ ከአሥር ቃል ይበልጣል። መርዳት ከፈለገች እውነተኛ ሥራ ስጫት፦ ባቄላውን ትልቀም፣ የገበያውን ሒሳብ በደብተር ትጻፍ። ድርሻዋን መተው ግን ሥራዋ አይደለም።

በአገራችን እናት አቅርባ፣ አጉርሳ፣ ከሁሉ በኋላ የተረፈውን መብላቷ ደግነት ነው ተብሎ ስናድግ ሰምተናል። ለጊዜው ይህን ተዪው። እንጀራው ሁለት ይሁን ሦስት፣ ሽሮው ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ሁላችሁም አንድ ትሪ ዙሪያ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ከተቻለ አባታቸውም ባለበት። ልጅሽ በልማዷ እጇን ሰብስባ «በልቻለሁ» ትልሽ ይሆናል። አትቆጪ፣ አታልቅሺ። ጎርሰሽ አላምጪ፣ እያየችሽ ዋጪ። ከዚያ ሁለተኛውን ጉርሻ ለእሷ ጠቅልዪ።