ምጣድ፣ ግራውንድ፣ ከሰልና አጥር፦ የዳር ሰፈር ጥያቄና መልስ

መላሹ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ ነው። ጠያቂዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ናቸው።

ከሰሚት፦ ጤና ይስጥልን ወንድማችን። የእንጀራ ምጣዳችን ይነዝራል። ብሬከሩ አዲስ ነው፤ ለምን አይወርድም?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ምጣዱን ዛሬውኑ አቁሚው። ብሬከር ሽቦን ከመቃጠል ያድናል፤ ሰውን አያድንም። 25 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ ያነሰውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ሰውን ለመግደል ግን የ1 አምፔር ሽራፊ ይበቃል።

ምጣዱ የሚነዝረው በአብዛኛው ሸክላው ሲሰነጠቅ ነው። ሊጡ በስንጥቁ ይወርድና ከሥር ያለውን የሚግል ሽቦ ያርሰዋል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ቆርቆሮው ይሻገራል። በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ሲነካው መንገዱ በሰውዬው በኩል ይሆናል።

መድኃኒቱ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው። አንደኛው ግራውንድ ሽቦ፦ ቢጫና አረንጓዴ፣ ከምጣዱ ቆርቆሮ ተነስቶ እስከ መሬት ዘንጉ (መሬት ውስጥ እስከሚተከለው ብረት) ሳይቆረጥ የሚሄድ። ሁለተኛው ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፦ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወይም በሰው በኩል ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚወርድ። ግራውንዱ ብቻውን ለምን አይበቃም? አስሉት፦ የዘንጉ መከላከያ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው መጠን) 20 ኦም ቢሆን 220 ቮልት ሲያገኘው የሚፈሰው 11 አምፔር ነው። 25ቱ ብሬከር ለ11 አምፔር አይወርድም፤ ምጣዱም እንደነዘረ ይቀጥላል። ኧርዝ ሊኬጁ ግን ወዲያው ይወርዳል። በላዩ «T» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ቁልፍ አለ፤ በወር አንድ ጊዜ ተጫኑት። ካልወረደ ይቀየር።

ከሰሚት፦ የመሬት ዘንጉን የት እንቅበረው?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መዳብ የለበሰ፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር የሚሆን ዘንግ፣ ውሃ በሚያገኝ ቦታ ይተከል። የእናንተ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ያብጥና ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይለቃል፣ መከላከያውም ይጨምራል። በነሐሴ የተለካ ልኬት ስለዚህ ያታልላል። በሚያዝያ አስለኩ። መከላከያው በዝቶ ከተገኘ ሁለተኛ ዘንግ የመጀመሪያውን ቁመት ያህል አርቃችሁ ትከሉና በሽቦ አገናኙ። ማያያዣው ብሎን እንዳይዝግ በአፈር ሳይሸፈን ክዳን ባለው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይሁን፤ የተቀበረ ብሎን ማንም አይፈትሸውም። ግራውንድ ሽቦውን የውሃ ቧንቧ ላይ ያሰራችሁ ደግሞ ፍቱት፤ ዛሬ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው።

ከየካ አባዶ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ምጣዱን በማከፋፈያ ብንሰካው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ምጣድ 3500 ዋት ከሆነ 16 አምፔር ይጎትታል፤ ያውም ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ። ተራው ሶኬት ልኩ እዚያው ነው፤ ማከፋፈያው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መጀመሪያ የሚግለው ብሎኑ የላላበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ይቀልጣል። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚወጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ አዘርጉ። ብሬከሩ 25 ይሁን፤ ስለወረደ ብቻ 40 አታስገቡለት።

ከጀሞ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሲሄድ ምጣዱንና ካውያውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ተረስቶ ሲመጣ ቤት ያቃጥላል። ፍሪጁን ከመጣ በኋላ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት።

ከአያት፦ በክረምት ከሰል ቤት ውስጥ እናነዳለን። ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ ስለምናስገባው ምንም አይለንም አይደል?

መልስ፦ ይላል እንጂ! ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላ ፍምም ያወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማችሁ በር ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ከሰል ካለበት ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ።

ከየካ አባዶ፦ እኛ አጠገቡ ውሃ በሳህን እናስቀምጣለን፤ ይስበዋል ይባላል።

ከጀሞ፦ እናቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?

ከአያት፦ የእናቶቻችን ጎጆ ንፋስ ያስገባ ነበር ወንድሜ። የዛሬው አሉሚኒየም መስኮት ሲዘጋ ጥርቅም ነው።

መልስ፦ የአያት ሰፈሩ ጠያቂ ትክክል ነው። ውሃ ይህን ጋዝ አይስበውም።

ከጀሞ፦ ሌባ አስቸግሮናል። ዘበኛ ይሻላል ውሻ?

መልስ፦ ይህ የእኔ ሙያ አይደለም። በእድራችሁ ተመካከሩ።

ከአያት፦ ውሻ ይሻላል። ዘበኛ ሌሊት ይተኛል።

ከሰሚት፦ ያልተከተበ ውሻ ከሌባ ይብሳል። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብሎ መተው የለም።

ከጀሞ፦ እኔ እንኳ የአጥሩን ሽቦ ማታ ማታ ከመብራት ላገናኘው አስቤ ነበር።

መልስ፦ በፍጹም! ይህን የምታነቡ ሁሉ ስሙኝ። በ220 ቮልት የተያዘ አጥር ሰው ይገድላል፤ ሟቹ ደግሞ ኳሱን ሊያወጣ የወጣ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮ አጥሩ ጋር ይገናኝና በሩም ይነዝራል። ለአጥር የተሠራው መሣሪያ ሌላ ነው፦ በሰከንድ አንዴ ገደማ እጅግ አጭር ምት ይሰጣል፣ የራሱ ግራውንድ ዘንግ አለው፣ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ይለጠፍበታል። ይህን ካልገዛችሁ ከበሩ በላይ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራት ስቀሉ።

ከቦሌ አራብሳ፦ ቤታችን መብራት ችግር አለው፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ችግር? ይነዝራል? ይሸታል? ይቆራረጣል? የትኛው ክፍል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከቦሌ አራብሳ፦ ይቅርታ። ኧርዝ ሊኬጅ አስገባን፤ ቦይለሩ ሲበራ ይወርዳል። ሠራተኛው አውጥቶ በቀጥታ ላገናኘው አለ።

መልስ፦ እንዳያወጣው! ሥራውን እየሠራ ነው የወረደው። ቦይለሩን ከመስመሩ አስፈቱና ኧርዝ ሊኬጁን መልሳችሁ አብሩት። ሳይወርድ ከቆየ፣ በአብዛኛው የቦይለሩ ማሞቂያ ዘንግ ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል፤ ዘንጉ ብቻ ይቀየራል። ቦይለሩ ተፈትቶም ሌላ ዕቃ በበራ ቁጥር ከወረደ፣ ኑትራል (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) እና ግራውንድ የሆነ ቦታ ተገናኝተው ይሆናል፤ ሠራተኛው ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ይክፈት። እስከዚያ በዚያ ቦይለር ማንም አይታጠብ።

ከጀሞ፦ የእኛም ምጣድ ይነዝራል፤ ብሬከሩ ለምን አይወርድም?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ ወንድሜ። እስክታነብ ምጣዱን ንቀለው።