የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አልጠራ ያለው የአሉሚኒየም ጌጥ

ጥያቄ፦ በእጄ ያለችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ናት። በበሮቿ ወገብ ላይ የሚያልፉት ረጃጅም የአሉሚኒየም ጌጦችና የፊት መስታወቷ ዙሪያ ክፈፍ ደብዝዘው ወተት የፈሰሰባቸው መስለዋል፤ አልፎ አልፎም ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል። ሦስት ዓይነት የብረት መወልወያ ቅባት ገዝቼ ክንዴ እስኪዝል ባሽ፣ ወይ ፍንክች። ጌጡ አልቆለታል ማለት ነው ወይስ ያልሞከርኩት ነገር አለ?

መልስ፦ ጌጡ አላለቀለትም፤ ቅባቱም ቢሆን ጥፋት የለበትም። ሲያሹ የዋሉት አሉሚኒየሙን ሳይሆን በላዩ ያለውን ሽፋን ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች የአሉሚኒየም ጌጦችን ካንጸባረቁ በኋላ አኖዳይዝ ያደርጓቸው ነበር፤ ይኸውም ጌጡን በአሲድ ገንዳ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ በገጹ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን እንዲፈጠር ማድረግ ነው። ሽፋኑ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ ቢሆንም በጣም ጠንካራ ነው፤ በብዙ የብርጭቆ ወረቀቶች ላይ የተለጠፈው ፍርፋሪ ራሱ አሉሚኒየም ኦክሳይድ መሆኑን ካሰቡ፣ ለስላሳው ቅባት ለምን እንደተሸነፈ ይገባዎታል። ሽፋኑ ዕድሜ ሲጫነው፣ በተለይም ጨውና ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ሲደጋገምበት ይደበዝዛል፤ በተጎዳው ቦታ የገባው እርጥበት ደግሞ ከሥር ያለውን አሉሚኒየም እየበላ ያዩትን ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል።

ግምቴን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ማረጋገጥ ይችላሉ። ሁለቱን መንኪያዎች በጌጡ ፊት ላይ ሳይጫኑ ያሳርፏቸው፤ ኤሌክትሪክ ካላሳለፈ ሽፋኑ አለ፣ ምክንያቱም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀለም አልባ ቫርኒሽ የተቀባ ጌጥም እንዲሁ ስለሚያደርግ አስቀድመው ቫርኒሽ እንደሌለበት ይመልከቱ። ማግኔት ግን ብዙም አይረዳዎትም፤ አሉሚኒየምን እንደማይስብ ሁሉ አንዳንዱን የማይዝግ ብረትም አይስብምና። ከማግኔት ይልቅ ክብደቱ ይሻላል፦ አሉሚኒየም መጠኑ እኩል ከሆነ ብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይመዝናል።

ሽፋኑን የሚያነሳው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ጌጡን ከመኪናው ላይ ይፍቱት፤ መኪናው ላይ እንዳለ መሞከር ቀለሙን ማበላሸት ነው። ቅባቱን በሳሙና አጥበው፣ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 50 ግራም ያህል ሶዳ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይበጥብጡ። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፍሰስ፤ ድብልቁ ይግላል፣ ሊረጭም ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽርና ረጅም የጎማ ጓንት ግድ ነው። ሥራው ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ በገላጣ ቦታ ይሁን፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን ሲያገኘው የሚወጣው አረፋ ተቀጣጣዩ ሃይድሮጅን ነውና።

ጌጡ ሲገባ መጀመሪያ ጸጥ ይላል፤ ሶዳው ሽፋኑን ጨርሶ ባዶው አሉሚኒየም ላይ ሲደርስ ግን በመላ ገጹ ይፈላል። የማውጫው ሰዓት ያ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ስልክ ላነሳ ዞር ብዬ ስመለስ፣ የአንድ ክፈፍ ጠርዝ እንደ ወረቀት ሳስቶ ፊቱም ተቦዳድሶ ጠበቀኝ። ስለዚህ ከጎኑ ቆመው፣ በየደቂቃው እያነሱ ይመልከቱ፤ ከዚያም በብዙ ውኃ ያጥቡት። ጌጡ ጥቀርሻ የተቀባ መስሎ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ሶዳው ያላሟሟቸው የቅይጡ ሌሎች ማዕድናት ናቸው፣ በሚቀጥለው ፍቅፈቃ ይለቃሉ።

አሁን ብረቱ ለስላሳ ነው። ጥልቅ ጭረት ካለበት በ400 ቁጥር፣ ከሌለው በ800 የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ ይጀምሩና እስከ 2000 ይውጡ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር አቅጣጫውን እያስቀየሩ ቢፈቀፍቁ የቀድሞው ወረቀት ጭረት መጥፋቱ በግልጽ ይታይዎታል። አንድ ቁጥር የዘለለ ሰው ጉድለቱን የሚያየው መጨረሻ ላይ፣ ጌጡ ካንጸባረቀ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ ያንኑ የናቁትን ቅባት ያምጡ፤ ጨርቁ በደቂቃ ውስጥ ሲጠቁር ብረቱን በእርግጥ እንዳገኙት ያውቃሉ። በሚሽከረከር የጨርቅ ዲስክ የሚሠሩ ከሆነ ዲስኩ ሁልጊዜ ከጠርዙ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጠርዙ አይሽከርከር፤ ጠርዙን ከያዘ ረጅሙን ጌጥ ከእጅዎ ነጥቆ ያጣጥፈዋል።

ጥያቄ፦ በአንደኛው ጌጥ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስርጉድ አለ። ከማንጸባረቄ በፊት ላውጣው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ ከሽፋኑ መነሳት በኋላ፣ ከወረቀቱ በፊት። አኖዳይዝ የሆነው ገጽ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰነጠቅ ከነሽፋኑ ማቃናት አይቻልም። ጌጡን ፊቱን ወደ ታች አድርገው በጠንካራ እንጨት ላይ ያስተኙትና ከጀርባው በደነዘ መሮ ቀስ እያሉ ይምቱ። አልፎ አልፎ በጥሩ ሞረድ ፊቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ ያድርጉት፤ ሞረዱ የነካው ያበራል፣ ያልነካው ጉድጓድ ደብዝዞ ይቀራል፣ ቀጣዩን ምት የት እንደሚያሳርፉም ያሳይዎታል። ጉድጓዱን በሞረድ ብቻ ለማስተካከል ግን አይሞክሩ፤ ጌጡ ስስ ስለሆነ ይበሳል።

ጥያቄ፦ ካለቀ በኋላ ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ እኔ አልቀባውም። በለሰለሰ አሉሚኒየም ላይ ቫርኒሽ በደንብ አይዝም፤ ጠርዙ ሲላቀቅ እርጥበት ከሥሩ ይገባና እንደገና መላጥ ይመጣል። ብዙ የምትነዳ መኪና ከሆነች ጌጡን አኖዳይዚንግ ለሚሠራ ድርጅት መልሶ መስጠት ዘላቂው መንገድ ነው፤ የቅይጡ ዓይነት ስለሚለያይ ሁሉም ጌጥ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ላይወጣ እንደሚችል ግን አስቀድመው ይነጋገሩ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትወጣ ከሆነች በየሁለት ወሩ ሰም መቀባትና ከኃይለኛ ማጠቢያ መጠበቅ ይበቃታል። ሲገጥሙት ደግሞ የዛገውን የብረት ቪቴ መልሰው አይጠቀሙ፤ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት መካከላቸው ሲገባ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የፕላስቲክ ክሊፕ ከተገኘ እርሱን፣ ካልተገኘ በብሎኑና በጌጡ መካከል የፕላስቲክ ሮንዴላ ያድርጉበት፣ ግራሶም ያስነኩት።