የዕድል ነጥብ የሚወጣው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ የሚይዝበትን ጨዋታ እንጫወታለን። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ስለሌለን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከኮፍያ እናወጣለን። ቀስተኛችን በዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ቁጥር ወጥቶ ትንሹ በሚወሰድበት ሁኔታ) 4 እና 17 ወጣለት። መሪያችን ወዲያው «ሳትክ» አለው። ቀስተኛው የዕድል ነጥብ (ተጨማሪ ቁጥር ለማንሳት የሚከፈል ነጥብ) አውጥቶ ሦስተኛ ሲያነሳ 9 መጣ፤ 17ቱን እወስዳለሁ ሲል ጭቅጭቅ ተነሣ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ የምትጫወቱት እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ ከሆነ ቀስተኛው ልክ ነው። የዕድል ነጥቡ ሦስተኛ ቁጥር ይጨምራል፤ ከሦስቱ የፈለገውን ይመርጣል። የጨዋታው አዘጋጆችም በይፋ የሰጡት ማብራሪያ ይኸው ነው።

ክርክሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ነጥቡ የሚወጣው ቁጥሩ ከታየ በኋላ፣ ግን ውጤቱ ከመወሰኑ በፊት ነው። መሪው ቁጥሩ እንደታየ «ሳትክ» ካለ ተጫዋቹ ለመናገር ፋታ አላገኘም፤ የመሪውን ችኮላ በእሱ ላይ መቁጠር ተገቢ አይደለም። ከእንግዲህ መሪው ከመፍረዱ በፊት «ተቀበልከው?» ብሎ ይጠይቅ። ዝም ካለ ግን በኋላ አይመለስም።

መሪያችሁ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ለመምታት 11 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ በዲስአድቫንቴጅ ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ ነጥቡ ሲወጣ 87.5 ይደርሳል። ይህ አድቫንቴጅ (ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁ የሚወሰድበት) ከሚሰጠው 75 ይበልጣል! ከከበዳችሁ አዲሱ ቁጥር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይተካ፣ ከዚያ ትንሹ ይወሰድ ብላችሁ ተስማሙ፤ ዕድሉ 50 በመቶ ይሆናል። ስምምነቱ ግን ጨዋታው ሳይጀመር እንጂ በጭቅጭቅ መሀል አይደረግ።

በ2024ቱ ደንብ ነጥቡ የሚሰጠው አድቫንቴጅ ነው፤ ከዲስአድቫንቴጁ ጋር ተጣፍተው አንድ ቁጥር ብቻ ይወጣል። የሃፍሊንግ (በጨዋታው ውስጥ ያለ የአጫጭር ሰዎች ዘር) ዕድል ደግሞ ሌላ ነው፦ የሚደገመው 1 ሲወጣ ብቻ ነው፣ አዲሱም ቁጥር የግድ ይወሰዳል።

ስለ ወረቀቶቹ፦ የወጣውን መልሳችሁ ሳትቀላቅሉ ሌላ አታውጡ። ሃፍሊንጉ ያወጣው 1 ውጭ ከቀረ ሁለተኛ 1 ሊወጣበት አይችልም፤ ደንቡ ግን ያንን አደጋ አላስቀረለትም። ማጣጠፉ ከሰለቻችሁ 10 ወረቀትና አንድ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። ዳይሱ ከ1 እስከ 3 ካሳየ የወረቀቱ ቁጥር እንዳለ ይያዛል፤ ከ4 እስከ 6 ከሆነ 10 ይደመርበታል። ሲደገም ሁለቱም ይደገሙ። ብዙዎች ወረቀቱን ብቻ ይደግማሉ፤ ዳይሱ ቀድሞ 5 አሳይቶ ከነበረ አዲሱ ቁጥር ከ11 በታች መውረድ አይችልም፣ ለመምታት 11 ከበቃው ያኔ ቀስተኛችሁ መሳት ቀረለት ማለት ነው።