አንድ ሰከንድ ከምናምን የአክስቴ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሙዚቃ መሥራት እፈልጋለሁ። ላፕቶፕ እስክገዛ ልጠብቅ ወይስ አንድ ልጅ የሚሸጣትን ትንሽ ሳምፕለር ልውሰድ?»

ሳምፕለር ማለት ድምፅ ቀድታችሁ በቁልፍ የምታጫውቱበት ዕቃ ነው። ልጅቷ ያገኘችው የስዊድኖቹን ፒኦ-33 ነው። ካልኩሌተር ነው የምታክለው። ሽፋን እንኳ የላትም፣ ሰርኪዩቷ ፊት ለፊት ይታያል። በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ትሠራለች፣ ማይክ አላት፣ በጠቅላላው 40 ሰከንድ ድምፅ ትይዛለች።

«ግን ጥራቷ አያስቅም?» ብላ ጨመረች።

ይቺ «አያስቅም?» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

1985 ዓ.ም. ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት እቀዳ ነበር። በአሰብ መስመር እየሠራ ኮምቦልቻ የሚያድር አንድ ሹፌር ለልጁ መጫወቻ ብሎ ካሲዮ ኤስኬ-1 የምትባል ድምፅ የምትቀዳ ትንሽ ኪቦርድ ገዝቶ ነበር። ልጁ ቤቱን በጩኸት ሲያምሰው ተማረረና ለእኔ ሸጠልኝ። 32 ትንንሽ ቁልፎች አሏት። ማይኳ ላይ የጮኹትን 1.4 ሰከንድ ትቀዳለች። ከዚያ በላይ አንዲት ነገር አትጨምርም። ስትጠፋ ደግሞ የቀዳችውን ሁሉ ትረሳለች። ሰው ሁሉ የውሻ ጩኸት እየቀዳ ይስቅባት ነበር። እኔም መጀመሪያ የቀዳሁት ውሻ ነው።

አክስቴ ሆጤ ነበር ቤቷ። ከሰዓት በኋላ ቡና ስትወቅጥ አምባሰል በጉሮሮዋ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ካሲዮዋን ይዤ ሄድኩና መጀመሪያ ሙቀጫውን ቀዳሁት። ዝቅተኛውን ቁልፍ ስነካው ድምፁ ወረደ፣ ረዘመም፤ ጦሳ ላይ መድፍ የተተኮሰ መሰለ። አክስቴ ዘነዘናዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ቀጥሎ ድምፅዋን ቀዳሁ። «እሰይ» አለች። ከዕቃዋ የወጣው ግን «እፈይ» ነበር።

«ውይ! ጥርሴን አረገፍከው እኮ!» ብላ ሳቀች።

ምክንያቱን ያኔ አላውቀውም ነበር። ያቺ ዕቃ ድምፁን በሰከንድ 9,380 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የምትለካው፣ ያውም በ8 ቢት፣ ማለትም በሻካራ መለኪያ። በዚህ ልኬት ልትይዝ የምትችለው የንዝረት ፍጥነት የልኬቱን ግማሽ ያህል ነው፣ በሰከንድ እስከ 4,700 ንዝረት (ኸርዝ) አካባቢ። የ«ስ» ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ይቀራል። የቀረው ለስላሳ፣ ትንሽ አቧራ የነካው ድምፅ ነበር። ደስ ይል ነበር ብዬ ላጋንን አልፈልግም። ግን ደስ ይል ነበር።

በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ስለምትይዝ በሁለት ቴፕ ነው የሠራሁት። ሙቀጫውን በአንዱ እቀዳለሁ። ከዚያ እሱን እያጫወትኩ የአክስቴን ድምፅ በላዩ እጫወታለሁ፣ ሁለተኛው ቴፕ ሁለቱንም ይቀዳል። በየዙሩ ሽሽ የሚለው የቴፕ ድምፅ እየወፈረ ሄደ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ወጣኝ። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት፣ ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዝን ሰማነው። ጭጋጉ እስኪገለጥ ድረስ ሁለቴ ደገመው። (ያኔ ሹፌር ካሴት ይመርጥ ነበር። አሁን ፍላሽ ሰክቶ ስልኩን ያወራል።)

ከዚያ ሙዚቃ ቤት አሰማሁት። ለቀረጻ የመጡ ዘፋኞች ነበሩ። አንዱ «ምነው፣ ቴፑን አይጥ በላው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ የሠርግ ዘፈን ቅጂ ታዘዝኩና በዚያው ካሴት ላይ ቀዳሁበት። ባዶ ካሴት ጠፍቶ አልነበረም።

ቅዳሜ አክስቴ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። «በል ያችን አሰማልኝ» አለች። «ቴፑ ተበላሽቷል» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና ቀስ ብላ፣ «በኔ ድምፅ ነው የተበላሸው?» አለች።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ደንበኛ ገባ፣ «ቆይ መጣሁ» ብዬ ሄድኩ። ስመለስ «አብሽር፣ ሌላ ጊዜ» ብላኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ እኔ ቤቷ ካለሁ ቡና የምትወቅጠው ዝም ብላ ነው።

ኋላ ነው የሰማሁት፤ አሜሪካ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስፒ-1200 የሚባል ሳምፕለር የሚይዘው 10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር፣ በ12 ቢት። የሂፕ ሆፕ ልጆች ቦታ ለመቆጠብ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 ፍጥነት አሽከርክረው ይቀዱና መልሰው ያወርዱት ነበር። በዚህ ላይ የሚመጣው ሻካራነት ዛሬ ተፈልጎ የሚገዛ ነገር ሆኗል። እኛ አይጥ በላው ያልነውን ማለቴ ነው።

እና ግዢያት፣ ልጄ። 40 ሰከንድ ለኔ ሀብት ነበር። መብራት ሲጠፋም አታቆምሽም። እውነቱን ለመናገር ለመቅዳት ስልክሽም ይበቃል፣ መግዛት ላያስፈልግሽ ይችላል። ግን ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ግዢያት።

አንድ ነገር ብቻ፦ የማሲንቆ አንዲት ኖታ ቀድታችሁ በቁልፎቹ ላይ አትዘርጓት። የማሲንቆ ጣት ይንሸራተታል፣ ቁልፍ ግን ይዘላል። ሐረጉን እንዳለ ውሰዱ። የዘንድሮ ልጆች ሁላችሁም አንድ ዓይነት ክራር ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገር ስም ናቸው፣ መኪና ይሄዳል። ስለ ትዕግሥትና ስለ ልምምድ አልናገርም፣ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

ሙቀጫው አሁን እኔ ጋ ነው። ዘነዘናው ጫፉ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ድምፁ ግን አለ። ሐረጎን ወጥተሽ ከመጣሽ እወቅጥልሻለሁ። የእኔ ክንድ ይቸኩላል፣ እንደሷ አይደለም። ባትሪ ይዘሽ ነይ።