ከአፍንጫ እስከ አፍ የወረደው እጥፋት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ቦታ ናቸው፤ ከአፍንጫ ጥግ ተነስቶ ወደ አፍ ጫፍ ስለሚወርደው እጥፋት። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ እጥፋቱ ሥር «ጎርቴክስ» ይቀበርልሽ አለኝ። የዝናብ ጃኬት የሚሠራበት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እሱው ነው፣ ግን አይደንግጡ። ቴፍሎን ተለጥጦ የሚሠራ፣ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች የሞሉበት ነገር ነው። ሐኪሞች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተጎዳ የደም ሥር ሲተኩበት ቆይተዋል። ለፊት የሚሆነው እንደ ክር ወይም እንደ ቀጭን ቱቦ ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ በእጥፋቱ ሁለት ጫፍ ትንንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ክሩ ከቆዳ ሥር ይሳባል። እብጠቱና መበለዙ አንድ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

አይሟሟም፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አፍ አካባቢ ያለ ቆዳ ዕረፍት የለውም፤ ስንስቅም ስናኝክም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ክሩ ሊጠነክር፣ ሊያጥር፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ ሊሰማ ይችላል። ሊያመረቅዝ ወይም ቆዳውን በስቶ ሊወጣም ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር፣ እጥፋቱ ይለዝባል እንጂ አይጠፋም። ከበላይ ያለው የጉንጭ ስብ ወደ ታች ወርዶ እጥፋቱ ላይ ተንተርሷል፤ ክሩ ጉድጓዱን ከሥር ከፍ ያደርጋል እንጂ ጉንጩን ወደ ቦታው አይመልስም። መስተዋት ፊት ቆመው ጉንጭዎን በጣትዎ ወደ ላይ ገፋ ቢያደርጉ የምለው ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ ካስገባሁት በኋላ ብጸጸትስ?

መልስ፦ ይወጣል። ሆኖም ሥጋ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ስለሚይዘው፣ ከቆየ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር ተወግቶ ጉድጓዱን የሚሞላ ነገር፣ እሞክር ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ እጥፋት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ፈቅዶታል። ከወራት በኋላ ራሱ ይሟሟል፤ ካልወደዱትም ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መርፌ ቶሎ ይሟሟል። አደጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ አልፎ አልፎ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ከተወጉ በኋላ ቆዳው ከነጣ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ ሳያድሩ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በቅንድቦቼ መሃል ያሉትስ መስመሮች?

መልስ፦ እነዚያ የጡንቻ ሥራ ናቸው፤ ጡንቻውን የሚያዝናና ቦቶክስ ይሻላቸዋል። ፊለር ግን እዚያ ቦታ ላይ ለዓይን በጣም አስጊ ነው።

ጥያቄ፦ ቋሚ መርፌ ልወጋ ነበር። ሐኪሟ መጀመሪያ ክንዴ ላይ ትንሽ ወግታ «አንድ ወር ጠብቂ» አለችኝ። ጊዜ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ ደግ አደረገች። አንዳንዱ ቋሚ ፊለር ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ከከብት ኮላጅን (ቆዳን ከሚያጠነክረው ፕሮቲን) ጋር የተቀላቀሉበት ነው። ለኮላጅኑ አለርጂ ካለብሽ ክንድሽ ላይ መታወቁ ይሻላል፤ ፊትሽ ላይ ሄዶ መውጫ ከማጣት።

ጥያቄ፦ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሲሊኮን በርካሽ ይወጋሉ። ልሞክር?

መልስ፦ በፍጹም! ፈሳሽ ሲሊኮንን ለፊት መሸብሸብ መወጋትን ይኸው የአሜሪካ ተቋም አልፈቀደም። ፈሳሽ ስለሆነ ከተወጋበት ይሸሻል፣ ከዓመታት በኋላም ሳይቀር እብጠት ያወጣል። እንደ ክሩ ጫፉን ይዘው የሚያወጡት አይደለም፤ ሥጋውን ቆርጦ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ክሬም አይበቃኝም?

መልስ፦ እጥፋቱ ይህን ያህል ከጠለቀ አይበቃም። የጸሐይ መከላከያውን ግን አይተዉ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ክሩ ከመቀበሩ ከሳምንታት በፊት ያቁሙ፤ የአጫሽ ቁስል ቶሎ አይድንም።