የዘር ፍሬ ናሙናዎች ልዩነት፦ ከጂኑ ነው ወይስ ከአሠራራችን?

ጠያቂያችን የሁለት ተቀራራቢ የፍራፍሬ ዝንብ ዝርያዎችን፣ የድሮሶፊላ ሜላኖጋስተርንና የድሮሶፊላ ሲሙላንስን፣ የጂን መገለጥ (ጂኖች ምን ያህል እንደሚሠሩ) ሲያነጻጽሩ በዘር ፍሬ (ስፐርም በሚፈጠርበት የወንድ አካል) ያገኙት ልዩነት በጭንቅላት ካገኙት እጅግ ስለበለጠባቸው «ተሳስቼ ይሆን?» ብለዋል። መብዛቱ ብቻውን አያስደነግጥም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአጥቢ እንስሳት ስድስት የአካል ክፍሎች ላይ የታተመ ጥናትም የጂን መገለጥ ፈጥኖ የሚለወጠው በዘር ፍሬ፣ ዘግይቶ የሚለወጠው በአንጎል መሆኑን አሳይቷል። በስፐርም አፈጣጠር መጨረሻ ላይ የሚሠሩ ብዙ ጂኖች በሌላ የአካል ክፍል እምብዛም ሥራ ስለሌላቸው፣ ቢለወጡ የሚያፈርሱት ነገር ጥቂት ነው።

እኔን ያሳሳተኝ ግን ሌላ ነበር። በመጀመሪያ ሥራዬ የሁለቱንም ዝርያ የአርኤንኤ (ከሚሠሩ ጂኖች የሚወጣ ቅጂ) ቁርጥራጮች ያመሳከርሁት በሜላኖጋስተር ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃ) ላይ ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ የሲሙላንስ ቁርጥራጮች በዘረመል ፊደሎቻቸው ልዩነት ምክንያት ሳይገጥሙ ስለቀሩ ጂኖቹ በሲሙላንስ የተዳከሙ መሰሉኝ። የዘር ፍሬ ጂኖች በፊደል ቅደም ተከተላቸውም ፈጥነው ከሚለወጡት መካከል ስለሆኑ ስሕተቱ ከጭንቅላት ይልቅ እዚያ ይከብዳል። እያንዳንዱን ዝርያ በራሱ ጂኖም ላይ አመሳክረው፣ በሁለቱም አንድ ለአንድ የሚዛመዱትን ጂኖች ብቻ ያነጻጽሩ።

ከዚያ የህዋሶቹን ስብጥር ይመርምሩ። የዘር ፍሬ በልዩ ልዩ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ ህዋሶች ስብስብ ነው። በቅሎን ያስቧት፦ ከፈረስ 64 እና ከአህያ 62 ክሮሞዞሞች የተገኘው ዲቃላ 63 ክሮሞዞሞች ስላሉት በወንዱ በቅሎ የስፐርም አፈጣጠር በአብዛኛው መሐል ላይ ይቆማል። የእርሱን የዘር ፍሬ ከፈረሱ ጋር ብናነጻጽር የመጨረሻው ደረጃ ጂኖች ዝም ያሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዝም ያሰኛቸው የጂን ቁጥጥር ለውጥ ሳይሆን የህዋሶቹ አለመኖር ነው። በመጠኑ ያነሰ ቢሆንም፣ መካን ባልሆኑ ሁለት ዝርያዎች መካከልም ይኸው ይደርሳል። በዝንቦችም የህዋሶቹ ምጣኔ ከዕድሜ ጋር ስለሚለወጥ፣ ወንዶቹ ከሙሽሬ (ከዕጭ ቀጥሎ ካለው የዕድገት ደረጃ) የወጡበትን ሰዓት መዝግበው እኩል ዕድሜ ላይ ይክፈቷቸው።

ሌላው የእጅ ሥራ ነው። ከዘር ፍሬው አጠገብ ያለው ተጓዳኝ ዕጢ ጥቂት ዓይነት ፕሮቲኖችን በገፍ ስለሚያመርት ቅንጣቱ እንኳ ናሙናውን ያዛባል። ሴክስ ፔፕታይድ የተባለውን ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን በሰንጠረዥዎ ጎልቶ ከታየ ዕጢው ተቀላቅሏልና፣ ሌላውን ሁሉ ከመመርመርዎ በፊት እርሱን ይፈልጉ።