ለካዮቲ የትኛው ካሊበር ይሻላል? መጀመሪያ መሬትህን ለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዳላስ በስተምሥራቅ 18 ኤከር ገዝተህ ፍየል ማርባት ጀምረሃል። ካዮቲ፣ ያ ቀበሮ የሚመስል የአሜሪካ አውሬ፣ ግልገሎችህን እየጨረሰብህ ነው። የትኛውን ካሊበር (የጥይት ዓይነትና ውፍረት) ልግዛ ብለህ ጠየቅክ፤ ጎረቤትህ .22-250 ግዛ ይልሃል። የሱቁ ሰውዬ .243 ነው የሚሻልህ አለህ። የአክስትህ ልጅ ደግሞ «ክላሽ እያለ ምን ያስጨንቅሃል» ብሎሃል። እኔም እዚሁ ቴክሳስ ፍየል እያረባሁ፣ ካዮቲም እያደንኩ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። የማውቀውን ሳልሰስት ልንገርህ።

መልሱን ላስቀድም። .223 ሬሚንግተን ግዛ፤ በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰውን፣ ቦልት አክሽን የሚሉትን። ምክንያቱን ግን ዝለቀው፣ ምክንያቱ ከስሙ ይበልጣል።

የመከረህ ሰው ሁሉ ያወራህ ስለ ጥይት ነው። ስለ መሬትህ የጠየቀህ የለም። 18 ኤከር እኩል አራት ማዕዘን ቢሆን አንዱ ጎኑ 295 ያርድ (270 ሜትር) ገደማ ነው። ቤትህ መሃል ላይ ከሆነ ከበረንዳህ እስከ አጥርህ 150 ያርድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ 400 ያርድ ላይ ካዮቲ የሚጥል ጠመንጃ ገዝተህ የት ልትተኩስበት ነው? ያ 400 ያርድ ያለው ጎረቤትህ ግቢ ውስጥ ነው። በቴክሳስ ሕግ ደግሞ እያደንክ ሳለ እያወቅክ የተኮስከው ጥይት የይዞታህን ወሰን ከተሻገረ ወንጀል ነው፣ የወዲያኛው ባለመሬት በጽሑፍ ካልፈቀደልህ በስተቀር። ከከተማ ክልል ውጭ ተሸንሽነው የተሸጡ፣ 10 ኤከርና ከዚያ በታች የሆኑ ቦታዎች ላይ ደግሞ ካውንቲው መተኮስን ጭራሽ ሊከለክል ይችላል። አንተን ይሄኛው አይነካህም፤ ግን እዚህ የምታነቡ ትንንሽ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ካውንቲያችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ግልገሎቹ ልመለስ። ገዳዩ ካዮቲ መሆኑን በምን አወቅክ? በጥያቄህ ላይ አልጻፍክም። ጠመንጃ ከመግዛትህ በፊት ይሄን ማጣራት አለብህ። የሞተውን ግልገል አንገቱን ግፈፈው። ካዮቲ የሚይዘው ጉሮሮ ነው፣ ከመንጋጋ ሥር። ከውጭ ፀጉሩ ላይ እምብዛም የማይታይ የጥርስ ቀዳዳ፣ ቆዳው ሲነሳ ከሥሩ የጠቆረ፣ ደም የቋጠረ ሥጋ ታያለህ። ደሙ እንደዚያ የሚሰራጨው ሲነከስ በሕይወት ከነበረ ብቻ ነው። ቆዳው ሥር ምንም ደም ከሌለ ግልገሉ በሌላ ምክንያት ሞቶ ኋላ የተበላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልግህ የእንስሳት ሐኪም ነው። የኋላ እግር፣ ጎንና ጆሮ ተቦጫጭቆ፣ ብዙ ፍየል ተጎድቶ ሳይበላ ከቀረ የጎረቤት ውሻ ጠርጥር። ትከሻና ጀርባ ላይ የጥፍር ጭረት ካለ፣ ሬሳውም ቅጠልና ሣር ከለበሰ ቦብካት የሚሉት የዱር ድመት ነው። ገና የተወለደ ግልገል ዓይኑና ምላሱ ተነቅሎ ካገኘኸው ደግሞ ወደ ሰማይ ተመልከት። ጥቁር ጥንብ አንሳ እንዲህ ያደርጋል። እሱ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ወፍ ነው፣ ያለ ፈቃድ ብትተኩስበት መዘዙ የከፋ ነው።

እሺ፣ ካዮቲ ነው እንበል።

ጎረቤትህ .22-250 ያለህ ወዶ አይደለም። ድንቅ ጥይት ነው። ጠመንጃ ወዳዶች ከ.250 ሳቬጅ ቀለህ ላይ አፉን አጥብበው የሠሩት ነው፣ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1965 የፋብሪካ ጥይት አድርጎ አወጣው። 55 ግሬን (3.5 ግራም ገደማ) አረር በሰከንድ 3,680 ጫማ ያህል ያስወነጭፋል። .223 ያንኑ አረር 3,240 ገደማ ላይ ነው የሚሰጥህ። ምዕራብ ቴክሳስ ሜዳው ላይ፣ አጥር የማይታይበት ርስት ላይ ብትሆን እኔም እሱን ግዛ እልህ ነበር። እዚያ 300 ያርድ የዕለት ተዕለት ርቀት ነው። አንተ ግን ለዚያ ፍጥነት የምትከፍለው ዋጋ አለ። ጩኸቱ ይበልጣል፣ በርሜሉን ቶሎ ይበላል፣ ጥይቱም ይወደዳል። ጥይት ሲወደድ ደግሞ ሰው ልምምድ ይቀንሳል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የ.223 ጥይት የትም ሱቅ አለ፣ ከሌሎቹም ይረክሳል፣ ትከሻ አይመታም። ሚስትህም ልጅህም ሳይፈሩ ይለማመዱበታል።

.243 ዊንቸስተር ሌላ ታሪክ ነው። ከ.308 ቀለህ የተወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ ጥይት ነው። ቀላል አረር ስታጎርሰው የካዮቲ ጠመንጃ ይሆናል፣ 100 ግሬን ስታጎርሰው አጋዘን ይጥላል። ነፋስም እንደ .223 አይገፋውም። አሳማ ግቢህን የሚያርስብህ ከሆነ፣ ወይም ኅዳር ሲመጣ አጋዘን ማደን ካሰብክ፣ አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው የምገዛው ካልክ፣ የሱቁ ሰውዬ ልክ ነው፤ .243 ግዛ። ቴክሳስ አጋዘንን በ.223 ማደን አትከለክልም፣ የምትከለክለው እንደ .22 ኤልአር ያሉትን ሪምፋየሮች፣ ቀለሃቸው ጠርዙ ላይ ተመትቶ የሚተኮሱትን ትንንሽ ጥይቶች ነው። እኔ ግን .223 ለአጋዘን አልመርጠውም። ኮሎራዶና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ኮሎራዶ ለአጋዘን ቢያንስ .24 ካሊበር ትጠይቃለች፣ ቨርጂኒያ ቢያንስ .23። በሁለቱም .223 ይወድቃል፣ .243 ያልፋል። አውሮራም ሆነ አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ ይሄን ብታነቡ የቴክሳስ መልሴን እንዳለ አትቅዱት።

ክላሹን በተመለከተ፣ የአክስትህ ልጅ የሚያውቀውን መሣሪያ ነው የመከረህ። የክላሹ ጥይት፣ 7.62 በ39፣ ካዮቲን 100 ያርድ ላይ ይገድላል፣ ጥያቄ የለውም። ግን ዝግተኛ ነው፣ በሰከንድ 2,350 ጫማ ገደማ። ማነጣጠሪያውን 100 ያርድ ላይ አስተካክለህ 200 ላይ ብትተኩስ 7 ኢንች ያህል ይወርዳል፤ .223 ከ3 ኢንች አይዘልም። በርካሽ የሚሸጠው የክላሽ ጥይት ደግሞ አብዛኛው ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ የወታደር ጥይት ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

.17 ኤችኤምአር ለጥንቸልና ለሽኮኮ ቆንጆ ነው፣ ለካዮቲ ግን አቅም የለውም፤ አቁስሎ ይለቀዋል። .204 ሩገር ፈጣንና ትክክለኛ ነው፣ ቆዳውን ለሚሸጥ ሰው በተለይ። ጥይቱን በየሱቁ ስለማታገኘው ለጀማሪ አልመክረውም።

ከካሊበሩ ይልቅ ዶሮና ፍየል ያለው ሰው መጨነቅ ያለበት ስለ አረሩ ነው። ለካዮቲ ከ50 እስከ 55 ግሬን ያለው፣ ጫፉ ላይ ፕላስቲክ ያለው፣ ውስጥ ገብቶ የሚፈርስ አረር ውሰድ። ሆርናዲ ቪ-ማክስ የሚለው ዓይነት። ይሄ አረር እንስሳው ውስጥ ኃይሉን ጨርሶ ይቀራል። ስተህ መሬት ብትመታም አፈር ላይ የመበታተን ዕድሉ ሰፊ ነው። የወታደሩ ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ካዮቲው ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይሰቃያል፣ አረሩ ደግሞ ወደማታውቀው ቦታ ይሄዳል። ድንጋይና ኩሬ ላይ ግን የትኛውም አረር ሊነጥር ይችላል፤ የሚፈርሰውንም አትመነው።

ሳጥኑን ስትገዛ ጽሑፉን አንብብ። .223 እና 5.56 ኔቶ መልካቸው አንድ ነው፣ ግፊታቸውና የጠመንጃው ጉሮሮ ግን ይለያያል። በርሜሉ ላይ 5.56 የሚል ጠመንጃ ሁለቱንም ይተኩሳል። .223 ብቻ የሚል ከሆነ 5.56 አታጉርሰው። የበርሜሉን ጥምዝም፣ አረሩን የሚያሽከረክረውን የውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ፣ ጠይቅ። በ12 ኢንች አንዴ የሚዞረው የድሮው ዓይነት ከባድ አረር አያረጋጋም። በ9 ወይም በ8 ኢንች የሚዞረው ለሁሉም ይሆንሃል።

ማነጣጠሪያ መነጽሩ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል። 100 ያርድ ላይ ወረቀት ስቀል። ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ፣ ሦስት ሦስት ጥይት እየተኮስክ፣ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅክ አስተካክል። የሦስቱ መሃል ካነጣጠርክበት ነጥብ አንድ ኢንች ተኩል ከፍ ሲል አቁም። ያኔ 200 ያርድ ላይ ልክ ነጥቡን ይመታል። 300 ላይ 7 ኢንች ያህል ይወርዳል፣ አንተ ግን 300 የለህም። በዚህ አስተካክለህ ግቢህ ውስጥ የትም ቢቆም ደረቱ መሃል ላይ አድርገህ ምላጩን መሳብ ነው፣ ሒሳብ የለም። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ 200 ላይ 4 ኢንች ያህል ይገፋዋል። ነፋስ ካለ ጠብቅ ወይም እንዲቀርብ ተወው።

ካዮቲ ፀጉሩ ያታልላል። በክረምት ፀጉሩን ሲነፋ ትልቅ ውሻ ይመስልሃል፣ ሲወድቅ ግን አብዛኛው ከ25 እስከ 40 ፓውንድ ነው። መምታት ያለብህ ቦታ የመዳፍህን ስፋት ያህል ነው፣ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ከፍታ መሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ። በጎኑ እስኪቆም ታገሥ። እየሮጠ ሳለ አትተኩስበት።

አቀማመጥህ ከካሊበር በላይ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጥ፤ የአደን ማማም ሆነ የፒክአፕህ አልጋ ይሁን። ወደ ታች ስትተኩስ ያለፈውን አረር መሬት ይቀበልልሃል። ጉብታ ላይ ከሰማይ ጋር ተሰምሮ የቆመ ካዮቲ አይተኮስም፤ ከኋላው ምን እንዳለ አታይማ። የጥንቸል ጩኸት በሚያስመስል መጥሪያ ስትጠራው ዞሮ በነፋሱ በኩል ጠረንህን ሊያሸት ይመጣል። ስለዚህ ነፋሱ ካንተ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያለው ቦታ ክፍት መሆን አለበት፣ ከኋላውም የአፈር ተዳፋት እንጂ የሰው ቤት መኖር የለበትም። ይሄን አሰላለፍ ቀን ላይ በእግርህ እየዞርክ ለይተህ ያዝ። ንጋት ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ ከች ብሎ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጠመንጃው ብቻውን ግልገል አያድንልህም። አንዱን ስትገድል ክፍት ግዛት ያገኘ ሌላ ካዮቲ ይመጣል። ፍየሎችህን ማታ በረት አስገባ፤ የሚወልዱትን በተለይ ቤት አጠገብ አድርጋቸው። አጥርህ ግርጌ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘርጋ። ከቻልክ ግሬት ፒረኒስ ወይም አናቶሊያን ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከፍየሎቹ ጋር አሳድግ። የእኔ ውሻ ካደገ ወዲህ ጠመንጃዬን የማወጣበት ጊዜ በጣም ቀንሷል፣ ደስ የሚለኝም እንደሱ ነው።

የወረቀቱን ነገር በመጨረሻ ልጨምርልህ፣ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚቸገሩበት። ግሪን ካርድ ካለህ ፈቃድ ካለው ሻጭ ፎርም ሞልተህ፣ ማጣሪያውን አልፈህ መግዛት ትችላለህ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመርህ ደረጃ መሣሪያ መያዝ አይችልም። የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። ጓደኛ «ችግር የለውም» ስላለህ አትንካ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃህን ጠይቅ። ጉዳዩ መኖሪያ ፈቃድህን ሊያሳጣህ የሚችል ነው። ፍየልህን እያጠቃ ያለ ወይም አሁን ያጠቃ ካዮቲ ለመግደል ቴክሳስ የአደን ፈቃድ አትጠይቅም። እየጠራህ ለማደን ግን ያስፈልግሃል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2 ቀን 1971 ጀምሮ ከተወለድክ ደግሞ የአዳኞች ትምህርት መውሰድ ግድ ነው። ዕድሜው 17 የሞላ ሰው ኦንላይን ሊጨርሰው ይችላል። ሱቅ ከመሄድህ በፊት እሱን ጨርስ፣ ከዚያ የመሬትህን ፕላንና የቤቶቹን አቀማመጥ ሥዕል ላክልኝና የት ብትቀመጥ እንደሚሻል አብረን እናያለን።